ጉትቻ በሚዛን ብቻ አይተመንም

የማናቸውም ዕቃ ዋጋ ከሦስት ነገሮች ይወጣል፤ ከጥሬ ዕቃው፥ ከእጅ ሥራውና ከመልካም ስሙ። ጥሬ ዕቃው በሚዛን ይታወቃል። መልካም ስም በብዙ ዘመን ይገኛል። የእጅ ሥራው ግን ሚዛን የሌለው በመኾኑ፥ ገዥና ሻጭ ካልተጠነቀቁለት ከዋጋው ውስጥ ቀስ በቀስ ይወጣና የሠሪው ድካም በነጻ የተሰጠ ያህል ይኾናል። ይህ ጉዳት በብዙ ዐይነት ንግድ ላይ ቢታይም እንደ ብር ጉትቻ ግን ጐልቶ የሚታይበት የለም። ገዥው ወደ ሱቅ ገብቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ግራሙ ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ ባለሱቁም ጌጡን ከሚዛን ላይ አኑሮ ዋጋውን ይነግረዋል። ጌጡን ያሰበው ራስና የሠራው እጅ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስፍራ የላቸውም።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይኾናል። በደብረ ብርሃን ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ትኑር እንበል። ቀን ቀን ከመደበኛ ሥራዋ ትውላለች፤ ማታ ማታ ከአባቷ የተረፈውን ትንሽ መዶሻ፥ ጉጠትና ሞረድ አውጥታ ጉትቻ ትሠራለች። ሥራው ለመተዳደሪያዋ ጥቂት ይጨምርላታል፤ ከዚያም በላይ ቀኑን ሙሉ በልቧ ያመላለሰችውን ቅርጽ ማታ በእጅዋ ላይ የምታይበት፥ ከድካሟም የምታርፍበት ነው። አንድ ቀን ሁለት ጥንድ ይዛ ወደ ሱቅ ትሄዳለች። አንደኛው ጥንድ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰና በአንድ ሰዓት ያለቀ ወፍራም ጉትቻ ነው። ሁለተኛው እንደ ፀጉር ከቀጠነ የብር ሽቦ ተጠቅልሎ ሦስት ሌሊት የፈጀ ነው። ባለሱቁ ሁለቱንም ይመዝናል። የአንድ ሰዓቱ ከበደ፤ የሦስት ሌሊቱ ቀለለ። ስለዚህ ብዙ ለደከመችበት ጥቂት፥ ጥቂት ለደከመችበት ብዙ ተቀብላ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ጊዜ ወፍራሙን ብቻ ትሠራለች። ከዚያ በኋላ መዶሻውን ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታኖረዋለች። የሠሪዋን እጅ የገደለው የገዥ መጥፋት አይደለም፤ የአተማመኑ ስሕተት ነው።

ሰሜን ሸዋ ይህን ለመሰለው ነገር እንግዳ አገር አይደለችም። አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መንግሥት መቀመጫ በነበረች ጊዜ፥ ከገደሉ በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች ይገበያዩ ነበር። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የንግድና የወዳጅነት ውል የተደረገው ንጉሡ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሻምበል ሐሪስ ጋራ ነበር። በዚያ ገበያ መንገድ ወደ ደጋው ከሚወጣው ዕቃ አንዱ ማርያ ትሬዛ የሚባለው የብር ገንዘብ ነበር። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ነጥቦች እየቈጠረ፥ ነጥቡ የጐደለውን ወይም የተፋቀውን ይመልስ እንደ ነበር መንገደኞች ጽፈዋል። እንግዲህ የዚያን ዘመን ነጋዴ ብሩን በክብደቱ ብቻ ሳይኾን በላዩ ባለው ሥራ ጭምር ይመዝነው ነበር ማለት ነው። የልጅ ልጆቹ በጉትቻ ላይ ይህን ጥንቃቄ መዘንጋታቸው የሚያስገርም ነው።

ገንዘቡም ገንዘብ ኾኖ ብቻ አልቀረም። አንጥረኛው እጅ ሲደርስ ጉትቻና ሎቲ፥ ድሪና አልቦ፥ አምባርና ወለባ፥ የአንገት መስቀልና የጆሮ ኩክ ማውጫ ይኾን ነበር። ልጅ ሲዳር ከጥሎሹ ጋራ የሚቀርበው ጌጥ ከዚሁ ብር የተሠራ ነው። አሠራሩም ቀላል አይደለም። ብሩ በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ በከሰልና በወናፍ ይቀልጣል፤ ተቀጥቅጦ ዘንግ ይኾናል፤ ዘንጉም እየጠበቡ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ባሉት የብረት ሰሌዳ እየተሳበ ይቀጥናል። የቀጠነው ሽቦ ሁለት ሁለት እየኾነ ይገመዳል፥ ይጠቀለላል፤ በላዩ ጥቃቅን የብር ፍሬዎች ይደረደሩበታል፤ በመጨረሻም በብየዳ ይያያዛል። በዚህ ጊዜ እሳቱ ጥቂት ካነሰ ብየዳው አይይዝም፤ ጥቂት ከበዛ ደግሞ የሦስት ሌሊት ሥራ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ቀልጦ ጉብታ ይኾናል። ይህን የሚያውቅ እጅ በመጽሐፍ አይገኝም፤ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ሙያው የተዳከመበት ምክንያት አንድ አይደለም። የመንግሥት መቀመጫ ከአንኮበር ከተነሣ፥ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረችም በኋላ ጌጥ የሚያሠራው ባለጸጋ ወደዚያ ሄደ፤ ብዙ አንጥረኛም ገዥውን ተከተለ። ሁለተኛው ምክንያት ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውንና ብር የሚያነጥረውን ሰው «ጠይብ» እያሉ መስደብ የተለመደ ስለ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ አባት ልጁን ከዚያ ሥራ ለማራቅ የነበረውን ፍላጐት ሊያስቀር አልቻለም። ሦስተኛው፥ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሕግ ሲታወጅ ማርያ ትሬዛ ከሕጋዊ ገንዘብነት መውጣቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንጥረኛው ጥሬ ዕቃውን ከገበያተኛው ኪስ ማግኘቱ እየቀረ ሄደ። በመጨረሻም በመኪና የተመታ ርካሽ ጌጥ ከውጭ ገባ። አሮጌውን ጌጥ ደግሞ ጐብኚዎች እየገዙ ስለ ወሰዱት፥ ወጣቱ ሠሪ አይቶ የሚማርበት ናሙና እንኳ ከአገር እየወጣ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው እንዲህ ያለውን ነገር ለመግለጽ ነው።

«አገሪቱ ቡናዋን፥ ሰሊጧንና ቆዳዋን ወደ ውጭ ለመላክ ስትደክም የጆሮ ጌጥ የንግድ ምክር ቤት ጉዳይ ነውን?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉትቻ የቡናን ስፍራ እንደማይዝ የታወቀ ነው፤ እንዲይዝም የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ቡና ጥሬውን ሲወጣ ትርፉ የሚበዛው ቈልቶና አሽጎ ለሚሸጠው እንደ ኾነ ላኪው ሁሉ ያውቃል። ጉትቻ ከዚህ ይለያል። ጥቂት ግራም ብር አገር ውስጥ ሥራው ተፈጽሞለት፥ ስሙ ተሰጥቶት፥ በትንሽ ጥቅል ሊወጣ ይችላል። ለመጋዘን፥ ለጭነት መኪናና ለብዙ ካፒታል ሳያስቸግር ትርፉን ከሠሪውና ከነጋዴው ዘንድ የሚያስቀር ዕቃ ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ማድረግ ይጠቅማል። አንድ ማርያ ትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺሁ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በ1887 ዓ.ም. የተቀረጸው የምኒልክ ብርም 835 ንጹሕ ብር ያለው ስለ ኾነ ከዚያ ብዙ አይለይም። ዛሬ በውጭ ገበያ ለጌጥ የሚፈለገው የብር ጥራት ግን በአብዛኛው 925 ነው። እንግዲህ አንዱን ማርያ ትሬዛ ወደዚህ ጥራት ለማድረስ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር ያስፈልጋል። ከዚህ ከሚገኘው 62 ግራም ሰባት ሰባት ግራም የሚመዝኑ ስምንት ጥንድ ጉትቻዎች ይወጣሉ፤ ቀሪው በሞረድና በእሳት ለሚባክነው ይኾናል። ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ አሮጌውን ገንዘብ ማቅለጥ ትርፉ ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ እንዳለ ለሚሰበስቡ ሰዎች ቢቀር፥ ሠሪው ደግሞ ንጹሕ ብር ቢያገኝ ይሻላል። ሁለተኛ፥ በስምንት ጥንድ ውስጥ ያለው ብር ለሁሉም እኩል ሲኾን በሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ትርፉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በሜክሲኮ ተራሮች ላይ ያለችው ታስኮ የጥንት የብር ማዕድን ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ዊልያም ስፕራትሊንግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕንፃ መምህር ከጎረቤት ከተማ አንጥረኛ አምጥቶ አንዲት ትንሽ የብር ሥራ ቤት ከፈተ። የሠራው ነገር የአውሮፓን ጌጥ መቅዳት አልነበረም፤ የአገሩን የጥንት ቅርጾች መነሻ አድርጎ አዲስ ጌጥ ማሰብ ነበር። የተማሩለት ወጣቶች ጥቂት ቈይተው የየራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ፤ ታስኮም እስከ ዛሬ በብር ሥራ ትታወቃለች። ከተማዋን ያስነሣት የመኪና ብዛት ሳይኾን የሐሳብ አዲስነት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ናቫሆ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የብር ሥራን በ19ኛው መቶ ዓመት ከሜክሲኮ አንጥረኞች ተምረው፥ ልክ እንደ ሸዋ አንጥረኛ የብር ገንዘብ እያቀለጡ ጌጥ ይሠሩ ነበር። በ1899 ፍሬድ ሀርቪ የተባለው የባቡር መንገደኞች ሆቴል ድርጅት ለተጓዦች የሚሸጥ ስስና ቀላል ጌጥ ያሠራቸው ጀመር። ሽያጩ በዛ፤ ይሁን እንጂ ተጓዥ ይወደዋል የተባለው ቅርጽ ብቻ እየተደጋገመ ሄደ፤ ቈይቶም በመኪና የተመታው አስመሳይ ገበያውን ተሻማ። የአሜሪካ መንግሥት በ1935 የነባሮቹን የእጅ ሥራ ከአስመሳይ የሚጠብቅ ቦርድ ለማቋቋም ተገደደ። ነጋዴ ሙያን ሊያነሣ እንደሚችል ሁሉ ሊያደኸየውም እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በሰሜን ሸዋ የጉትቻ ሥራ እንደገና ሊነሣ የሚችለው እንግዲህ በትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አላት፤ በብርድ ልብሷ ታውቃለች፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ጉትቻ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ መብራት፥ ጥቂት መሣሪያና ደስ ብሎት የሚሠራ ሰው። ደስታው በንግድ ሒሳብ ውስጥ እንደ ትርፍ ነገር መቈጠር የለበትም። ሰው ተገዶ የሚሠራው ጉትቻ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይለይም፤ ለልቡ የሚሠራው ግን በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ገዥው በውድ ዋጋ የሚገዛውም ይህን የተጨመረውን ነገር ነው። ስለዚህ ሥራውን ትቶ የነበረ ሰው ማታ ማታ ወደ መዶሻው ቢመለስ «የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው» ብሎ መናቅ ከነጋዴ የሚጠበቅ አይደለም። በወር ሃያ ጥንድ የሚሠራ ሰው ሁለት ሺሕ እንዲሠራ ከተገደደ ሃያውም ይጠፋሉ።

ይህን ለመፈጸም የእያንዳንዱ ነጋዴ ድርሻ የተለየ ነው።

ባለሱቁ በመጀመሪያ ደረሰኙን ይለውጥ። የብሩን ዋጋ በአንድ መስመር፥ የእጅ ዋጋን በሌላ መስመር ለይቶ ይጻፍ። ገዥው የእጅ ዋጋ የሚባል ነገር መኖሩን በዐይኑ ሲያይ ለማክበር ይለምዳል፤ ክርክሩም ከሚዛኑ ወደ ሥራው ይዞራል። ሁለተኛ፥ ዕቃውን በአደራ ተቀብሎ ሲሸጥ ብቻ መክፈል ይቅር። ባለሱቁ ወር ሙሉ በመስታወት ውስጥ ያስቀመጠው ጉትቻ የሠሪው ጥሬ ዕቃ ነው፤ ብሩ እዚያ ታስሮ ሳለ ሠሪው ሌላ ሊሠራ አይችልም። ቢያንስ የብሩን ዋጋ ቀብድ አድርጎ መስጠት ሁለቱንም ይጠቅማል። የሰርጉ ወራት ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ኾነ የታወቀ ስለ ኾነ፥ ትእዛዙን ሁለት ሦስት ወር አስቀድሞ ማስታወቅም አስቸጋሪ አይደለም።

ላኪው ደግሞ የተቀባዩን አገር ሕግ ለሠሪው የማስረዳት ግዴታ አለበት። ጉትቻ ከሌላው ጌጥ የሚለየው የተበሳ ሥጋ ውስጥ የሚገባ በመኾኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ከሚገባው ዘንግ በየሳምንቱ የሚወጣው ኒኬል በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.2 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በጌጥ ውስጥ ያለው እርሳስም ከመቶ 0.05 እንዳያልፍ ደንግጓል። «የጀርመን ብር» የሚባለው ማዕድን ደግሞ ስሙ ብር ይኹን እንጂ መዳብ፥ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም። ይህን ብር ነው ብሎ የላከ ሰው አንድ ጥቅል ቢያሳልፍ የሠሪዎቹን ሁሉ ስም ያጠፋል። በእንግሊዝ አገር ከ7.78 ግራም በታች የኾነ የብር ዕቃ የመፈተኛ ቤት ማኅተም ሳይኖረው እንዲሸጥ ይፈቀዳል፤ ብዙ ጉትቻ ከዚህ በታች ስለሚመዝን ለትንሽ ላኪ ይህ መልካም በር ነው። ማኅተሙ ቢቀርም ጥራቱ በተነገረው መጠን እውነት መኾን እንዳለበት ግን አይዘንጋ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዝርዝርም የብር ጌጥ በቍጥር 71.13፥ አስመሳይ ጌጥ በቍጥር 71.17 ሥር ስለሚመዘገብ፥ ሰነዱን አሳስቶ መጻፍ ዕቃውን ያስይዛል።

አስመጪው «እኔ ከውጭ የማመጣውን ጉትቻ ልተው ማለት ነውን?» ብሎ አይሥጋ። ርካሽ ጌጥ የራሱ ገዥ አለው። ይሁን እንጂ ጥሩ የሽቦ መሳቢያ ሰሌዳ፥ ጥሩ ሞረድ፥ ቦራክስ፥ ትንሽ የጋዝ ማቅለጫ፥ የታወቀ ጥራት ያለው ንጹሕ ብር ሁሉ ነጋዴ ይፈልጋሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ጌጥ የብር ዋጋው ከፍ ብሏል፤ አገር ውስጥ ለሚሠራው ይህ ጥቂት ትንፋሽ ይሰጠዋል። መሣሪያውን የሚያስመጣ ሰው ገበያው ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

ስለ ስምም መነገር አለበት። ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፥ የሲዳሞንና የሐረርን የቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያደረገችው ትግል ስም ራሱ ገንዘብ እንደ ኾነ ለነጋዴው ሁሉ አሳይቷል። በአገር ውስጥም የ1998ቱ የንግድ ምልክት ዐዋጅ ቍጥር 501 ብዙ ሠሪዎች አብረው የሚጠቀሙበትን የወል የንግድ ምልክት ይፈቅዳል። የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ጉትቻ ሠሪዎች ዐሥርም ይኹኑ ሃያ፥ አንድ ትንሽ ምልክት ተስማምተው ከዘንጉ ጀርባ ቢመቱ፥ የብሩንም ጥራት በቍጥር ቢቀርጹ፥ ገዥው ከማን እንደ ገዛ ያውቃል። የሙያ ክብርም ከዚያ ይጀምራል፤ ዱሮ ስሙን የሚሸሽግ አንጥረኛ ስሙን በሥራው ላይ ያትማልና።

ለአዲስ ሐሳብ የሚኾን ነገርም ከአገሩ አይጠፋም። በዚያው በሰሜን ሸዋ በመዘዞ አካባቢ የተገኘው ኦፓል በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ በቀለሙ ተደነቀ፤ ነገር ግን ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስለ ነበረበት ስሙ ተጐዳ፤ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የወሎው የደላንታ ኦፓል ቀደመው። ለጉትቻ ሠሪ ግን የመዘዞ ድንጋይ የተዘጋ ነገር አይደለም። ጉትቻ ትንሽ ድንጋይ ይበቃዋል፤ እንደ ቀለበትም ከዕቃ ጋራ አይጋጭም። ብዙ ጊዜ ደርቆ ቈይቶ ያልተሰነጠቀውን ለይቶ በብር ማቀፍ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ በዚህ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም።

ጊዜው መልካም ነው ለማለት ግን አይቻልም። በምኒልክ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ስፍራ ላይ ከቆመው የእንግዳ ማረፊያ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፥ ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይበቃ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልልን የጐዳው ግጭት ግን መንገደኛውን አራቀ። ጐብኚ መጥቶ ይግዛ ብሎ የሚጠብቅ ሠሪ ብዙ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ወደ ገዥው መሄድ አለበት፤ ዕቃን ወደ ገዥ መውሰድም የነጋዴ ሥራ ነው። የአልዩ አምባ ሲራራ ነጋዴ መንገዱ አስጊ በነበረበት ዘመን ከታጁራ ድረስ ተጉዞ ብሩን ወደ አንኮበር አውጥቶታል። ለዛሬው ነጋዴ የቀረለት የተሠራውን ጉትቻ ማውረድ ብቻ ነው።

የሚጠየቀው ነገር እንግዲህ ብዙ ወጪ የለበትም። ባለሱቁ በደረሰኙ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፤ ላኪው አንድ ናሙና ይላክ፤ አስመጪው አንድ ሣጥን መሣሪያ ያምጣ። በሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ መዶሻ አይበላሽም፤ እጅ ግን ሳይሠራ ሲቈይ ይረሳል። የሦስት ሌሊቱን ጉትቻ የሚያውቁ እጆች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ቀልሎ የተገኘውን ጌጥ ከከበደው አስበልጦ የሚገዛ ነጋዴ ከተገኘ ነገ ይበዛሉ፤ ካልተገኘ ግን ከነገ ወዲያ የሚመዘን ጉትቻ እንኳ አይኖርም።